ለሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተዘጋጀ ቤት፦ በባሕር ዳር የአረጋውያን መኖሪያ ለመክፈት፣ ፈቃድ ለማውጣትና ደኅንነቱን ለመጠበቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ለመክፈት ያሰበ ሰው ምክር ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቤቱ ስፋት ወይም ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋና አንድ አባት ከአልጋቸው ቢወድቁ፣ ማን ሰምቶ፣ በምን ብርሃን፣ በየትኛው በር ይደርስላቸዋል?» እላለሁ። ብዙ ሰው ዝም ይላል። አያስወቅስም፤ ሁላችንም ቤት የምናየው በቀን ነው። ተቆጣጣሪውም የሚመጣው በሥራ ሰዓት ነው። አደጋ ግን የሥራ ሰዓት አይጠብቅም፤ ቤቱ ሰው ባነሰበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም በከተማችን አነስተኛ የአረጋውያን መኖሪያዎች ሲቋቋሙ አብሬ ደክሜያለሁ። የሚከተለው ከ10 እስከ 20 አረጋውያንን ለሚይዝ ቤት የተጻፈ ነው። ፈቃዱንና ደኅንነቱን ለያይቼ አላቀርብም፤ ሌሊቱን የሚችል ቤት ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።

1. ቤቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በአንድ ገጽ ይጻፉ

ወደ የትኛውም ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ። ስንት ሰው ይቀበላሉ? ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱትን ብቻ ነው ወይስ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትንም? የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት በር ከፍተው ቢወጡ የሚከታተል ሰው አለዎት? በአገራችን አሠራር አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ የ62 ዓመት ጠንካራ አባትና የ88 ዓመት ደካማ እናት ግን አንድ ዓይነት ቤት አይፈልጉም።

ከሁሉ በላይ የሕክምናውን ወሰን ለይተው ያስቀምጡ። የታዘዘ ክኒን በሰዓቱ ማቀበል እንክብካቤ ነው። መርፌ መውጋት፣ ግሉኮስ መስቀል፣ የሽንት ቱቦ ማስገባት፣ ኦክስጅን መስጠት ግን ሕክምና ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ ለመስጠት ካሰቡ የጤና ተቆጣጣሪው ፈቃድና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስፈልግዎታል። ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በደግነት ጀምረው ሳያውቁት ፈቃድ የሌለው ክሊኒክ ይሆናሉ።

2. የፈቃዱን መንገድ ይምረጡ

መንገዱ ሁለት ነው። በበጎ አድራጎት ከሆነ፣ ድርጅቱ በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ምዝገባው በክልሉ በኩል ነው። ከአንድ ክልል በላይ ለመሥራት ካሰበ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ወደ ፌደራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይሄዳል። ይህ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ የሂሳብ መዝገብዎ የአረጋውያኑን ወጪ ከቢሮው ወጪ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለይቶ መያዝ አለበት። ወርኃዊ ክፍያ እያስከፈሉ ለመሥራት ካሰቡ ደግሞ ንግድ ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ ከዘርፉ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የንግድ ሥራ ፈቃድ ይከተላል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰነድዎን ሰኔ ላይ ማሰናዳት ይልመዱ።

በሁለቱም መንገድ የሚያልፉበት በር ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፤ በከተማ ደረጃ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ፣ በክልል ደረጃ ቢሮው። አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ቤት ከመከራየትዎ በፊት መምሪያው ዘንድ ሄደው በዚያ ዓመት የሚሠሩበትን የመመዘኛ ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረዎትን መስፈርት እዚያው ጽፈው፣ ቀኑንና የነገረዎትን ባለሙያ የሥራ መደብ መዝግበው ያስቀምጡ። አንድ የማውቀው ቤት «አጥር ብቻ ይበቃል» የሚል የቃል መልስ ይዞ የስድስት ወር ኪራይ ከፈለ። በኋላ የመጣው ተቆጣጣሪ የመታጠቢያውን በር አይቶ መለሳቸው፤ አከራዩም ግድግዳ እንዲፈርስ አልፈቀደም።

ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል አንቀጽ 11 በመኖሪያ ተቋም ስለሚሰጥ እንክብካቤ ይናገራል። አረጋዊው ወደዚያ የሚገባው በምርጫው መሆን እንዳለበት፣ አገልግሎቱም ዝቅተኛውን መመዘኛ ማሟላት እንዳለበት ያስቀምጣል። «በምርጫው» የሚለውን ቃል ይያዙት፤ ስለ መዝገብ ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

3. ቤቱን በክረምት ዓይን ይመልከቱ

ባሕር ዳር ላይ ቤት በመጋቢት አይቶ መከራየት ያታልላል። ዓመቱን የሚጥለው ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ አራት ወራት ይወርዳል፤ ለጣና በቀረበ ሰፈር ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ከላይ ነው። አብዛኛው ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ስለሆነ ዝቅ ባለ ቦታ ነሐሴ ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ግቢ ይመለሳል። ስለዚህ ጎረቤቱን ይጠይቁ፦ «ባለፈው ክረምት ውኃው እስከየት ደረሰ?» የግድግዳውን እግር ይመልከቱ፤ የውኃ መስመር አሻራው በቀለም ተሸፍኖ እንኳ እብጠቱ ይታያል። የጉድጓድ ውኃ ካለ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ለማንኛውም ሳይመረመር ለመጠጥ አያውሉት።

ምድር ቤት ይሁን። ፎቅ ቢረክስ እንኳ አይውሰዱ። ደረጃ ያለበትን መግቢያ ተዳፋት ያሠሩለት፤ ልኩ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላለ በረንዳ 4 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል ማለት ነው። ግንበኛው «ይረዝማል» ብሎ በ2 ሜትር ሊያሳጥረው ይፈልጋል፤ አይስማሙ። በ2 ሜትሩ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ አባትን ሽቅብ የሚገፋው ሰው ቁልቁል ሲወርድ መያዝ አይችልም። የበሮቹ ንጹሕ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው።

የመኖሪያ ቤትን ወደ ተቋም መለወጥ የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ የከተማውን የሕንፃ ሹም ፈቃድ ይጠይቃል። ከሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆን ግዴታ አለ። የኪራይ ውልዎ ላይ አከራዩ ለእነዚህ ማሻሻያዎች መፍቀዱን አስጽፈው ያረጋግጡት።

ሌላው ርቀት ነው። ከፈለገ ሕይወት፣ ከአዲስ ዓለም ወይም ከጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የትኛው ይቀርብዎታል? መንገዱን በቀን ሳይሆን ሲመሽ ይሂዱበት። አምቡላንስ በሩ ድረስ ይገባል ወይስ ኮብልስቶኑ መሐል ላይ ያበቃል? ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት የሚመጣ፣ ስልኩን የሚያነሣ ባለ መኪና ጎረቤት አስቀድመው ይወዳጁ። ይህ በምንም መመዘኛ ላይ የለም፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ቤት አልከፍትም።

4. ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ የብዙ አረጋውያን ሕይወት የሚያጥረው በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነውና።

በአንድ ቤት ውስጥ ከሰማንያ ዓመት ያለፉ አንዲት እናት ሌሊት ለሽንት ተነሡ። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ ነበር። የሽንት ቤቱ ደፍ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ሴራሚኩ ማታ ታጥቦ አልደረቀም። በባዶ እግራቸው ደፉን ሲሻገሩ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ተንከባካቢዋ እያለቀሰች «እማማ፣ ምነው ሳይጠሩኝ ተነሡ?» ስትላቸው፣ «እንቅልፍሽን ላቋርጥ፣ ልጄ? ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ» አሏት።

ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የእኛ አረጋውያን ሰው ማስቸገር ይከብዳቸዋል። ደወል ብቻ ማስገባት ስለዚህ አይበቃም፤ ደወሉን የሚደውለው ይሉኝታ የሌለበት ሰው ነው። መፍትሔው ሳይጠሩ መሄድ ነው። የሌሊት ተረኛ በቋሚ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ አራት፣ ሌሊት ሰባትና ሌሊት አሥር ሰዓት፣ በየአልጋው እየዞረ «ሽንት ቤት ልውሰድዎት?» ይላል፤ መዝገብ ላይም ይፈርማል።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነው። ደፉን ያስፈርሱ። የማያንሸራትት ሴራሚክ ያስነጥፉ፤ ያንን ካልቻሉ ከሥሩ የሚይዝ የላስቲክ ምንጣፍ ያድርጉ። ተራው ምንጣፍና ድሪቶ ግን ከመንገዱ ይነሣ። በመቀመጫው ግራና ቀኝ የብረት መደገፊያ ይተከል፤ በብሎን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የሰውን ሙሉ ክብደት መቻሉን እርስዎ ራስዎ ተንጠልጥለው ይፈትኑት። መቆናጠጥ ለማይችሉት ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘጋጅ። ሽንት ቤቱ ከውስጥ ቢቆለፍም ከውጭ የሚከፈት ይሁን። ኮሪደሩ ላይ ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ መብራት ይሰቀል። አልጋው ደግሞ አረጋዊው ሲቀመጡበት ሁለት እግራቸው ወለል የሚነካ ቁመት ይኑረው፤ በአልጋዎች መካከልም ቢያንስ አንድ ሜትር ይተው።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው እንዲነሡ ያለማምዱ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ካሉም ሐኪማቸውን ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ይህች ጥያቄ ብቻ ስንት የሌሊት ጉዞ እንዳስቀረች አይቻለሁ።

የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ግዴታ ነው። ተረከዝ፣ ዳሌና የጀርባ ታች በየቀኑ ይታይ፤ ተጭነውት የማይጠፋ መቅላት ወይም መጥቆር የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው።

5. ከሰል፣ ጋዝ፣ መብራት

ስለ እሳት ሲነሣ ሁሉም የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ይገዛል። ይግዙ፤ አንዱ ከኩሽናው መውጫ አጠገብ፣ ሌላው መኝታ ክፍሎቹ ኮሪደር ላይ ይሁን። የግፊት መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ፤ ሠራተኛው ሁሉ ፒኑን ነቅሎ፣ ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሮ፣ እጀታውን ተጭኖ፣ ግራና ቀኝ መጥረግን በእጁ ይለማመድ። ዘይት ወይም ኤሌክትሪክ ያቀጣጠለው እሳት ላይ ውኃ አይደፋም።

እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ከሰሉ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲበረታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ተንከባካቢዋ በመልካም ልብ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ታስገባለች፤ ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ መስኮቱ ይዘጋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ አረጋውያን ላይ ደግሞ ድካምና እንቅልፍ መስሎ ያልፋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ሁሉንም ወደ አየር አውጥታችሁ ለሕክምና ላኩ። ቡናው አይቅር፤ የአረጋውያኑ ደስታ ነው። በረንዳ ላይ ይፈላ። ፍሙ ጠፍቷል ተብሎ እንኳ ማንደጃው ሰው በተኛበት ክፍል አይደር። ለብርዱ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና ሞቅ ያለ አጥሚት ይሻላል።

የጋዝ ሲሊንደር ከቤት ውጭ፣ አየር በሚያገኝ የተቆለፈ ፍርግርግ ውስጥ ይቀመጥ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ መፍሰሱን የምንፈትሸው በሳሙና አረፋ ነው፣ በክብሪት አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው መስመርና የራሱ መግቻ ይኑረው፤ ከአልጋ ራስጌ ማከፋፈያ ገመድ መዘርጋት ይከልከል። መብራት ሲጠፋ ሻማና ጧፍ መኝታ ክፍል አይግባ። የሚጸልዩበት ቦታ ካለ ጧፉ ሰው ባለበት፣ አሸዋ በተሞላ ሳህን ላይ ይብራ። ጄኔሬተሩም ከመስኮት ርቆ ውጭ ይሁን።

አሁን መስኮትዎን ይመልከቱ። በከተማችን መስኮት ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሌባን ይከለክላል፣ ሰውንም ያስቀራል። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። መራመድ የማይችሉት ወደ መውጫው በሚቀርበው ክፍል ይተኙ። ለማውጣት ቃሬዛ አይፈልጉ፤ ጠንካራ ብርድ ልብስ ወለል ላይ ተነጥፎ፣ ሰውየው ተጠቅልለው፣ ከራስጌ በኩል ይጎተታሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ትችለዋለች፤ አሠርቼ አይቻለሁ።

6. ወባ፣ ውኃ፣ ወጥ ቤት

ባሕር ዳር የወባ አገር ናት። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ ግንቦትና ሰኔም ይነሣል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ አልጋ ይሰቀል፤ ሌሊት የሚያገላብጠው ሰው አጎበሩን መልሶ ፍራሹ ሥር መክተቱ የተረኛው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይጻፍ። አረጋዊ ሰው ወባ ይዞት ትኩሳቱ ላይጎላ ይችላል፤ ድንገት ግራ መጋባት፣ ምግብ መተው፣ መፍዘዝ ብቻ ሊታይ ይችላል። በዚያው ቀን ያስመርምሩ።

ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ያለበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳያደርግ በጋራ ክፍል አይተኛ።

ውኃ ስለሚጠፋ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ይዘጋ፣ በየጊዜው ታጥቦ ቀኑ ይጻፍበት። ለደምና ለሌላ የሰውነት ፈሳሽ ማጽጃ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ ይበጠበጣል፤ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አይቀላቀል። ገላ ሲታጠቡ ባልዲ ውስጥ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ሙቁ ይጨመር፤ ሙቁን አስቀድሞ የሚያፈስ ሰው አንድ ቀን ያቃጥላል።

ምግብ ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። የምግብ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ካርድ በጊዜው መታደሱን ይከታተሉ። በዓል ሲደርስ ሰዉ ዝክርና ክትፎ ይዞ ይመጣል፤ በረከት ነው፣ እንቀበላለን። ምግቡን ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደተሠራ ይመዝገብ፤ በጠራራ ፀሐይ ሲዞር የዋለ ሥጋ ግን ላመጣው ሰው ምክንያቱ በክብር ተነግሮት አይቅረብ።

7. መድኃኒት፣ ጾምና ጠበል

ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የመድኃኒት ገጽ ይክፈቱ፦ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ሰዓቱ፣ የሰጠው ሰው ፊርማ። ፊርማው አረጋዊው ሲውጡ ከታየ በኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ጠዋት የቀኑን ሁሉ ፈርሞ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ካገኙ በዕለቱ ያርሙት። መድኃኒቱ በቁልፍ ይቀመጥ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል፤ በረዶ ከነካው አይሠራም። መብራት ረጅም ሰዓት ሲጠፋ በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ ማሰሮ ቅዝቃዜ ይይዛል።

አብይ ጾም ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ የስኳር ሕመምተኛ እናት ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ቢቆዩ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ረመዳን ላይም እንደዚሁ። «አይጹሙ» ብሎ መከልከል የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ተደብቀው ይጾማሉ፣ ያኔ ደግሞ ይብሳል። ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባታቸውን ወይም ኢማሙን ጠርተው፣ ከሐኪሙ ምክር ጋር አብረው ይነጋገሩ። አብዛኞቹ አባቶች ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ ቃሉ ከእነርሱ አፍ ሲወጣ አረጋዊው ልባቸው ያርፋል። ለጠበልም ይኸው ነው፤ ይሂዱ፣ አጃቢ ይመደብላቸው፣ መድኃኒታቸው በቦርሳ ይከተላቸው። የሄዱበትና የተመለሱበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይጻፍ።

8. ሠራተኛው

ሌሊት አንድ ሰው ብቻ አይደር። ይህ የእኔ የማይናወጥ መስመር ነው። አንዱ አንድ የወደቀ ሰው ሲያነሣ ሌሎቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። የግቢ ጥበቃውን ሁለተኛ ሰው አድርገው መቁጠር የሚችሉት ማንሣትና ማውጣት ከሠለጠነ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ የሚያድሩ ተንከባካቢዎች ሥራና ዕረፍታቸው ይቀላቀላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወስኗል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍትም አለ። ሰዓቱን በፈረቃ ይያዙ። ጡረታቸውንም ያስገቡ፦ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ። አረጋውያንን የሚያሳርፍ ቤት የራሱን ሠራተኞች እርጅና መርሳት የለበትም። ሲቀጥሩ የቀድሞ ሥራቸውን ይጠይቁ፣ ተያዥ ያስቀርቡ፣ ከፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ይቀበሉ።

9. መዝገብ፣ ገንዘብና ፈቃደኝነት

ልጆች አባታቸውን ይዘው ሲመጡ ቢሮ ውስጥ የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው። አባትየው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ዝም ይላሉ። ልጆቹን ቡና ጋብዘው ያስወጡና ለብቻቸው ይጠይቋቸው፦ «አባባ፣ እዚህ መኖር ይፈልጋሉ?» ካልፈለጉ አይቀበሉ። የቤተሰብ ሕጉ ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ስለሚናገር፣ የቤተሰብ ሽምግልና ሊቀድም ይችላል። ከፈለጉ ቃላቸው ተጽፎ ይፈርሙ ወይም አሻራ ያኑሩ፤ መውጣት ሲፈልጉም እንደሚወጡ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።

የአረጋውያን የጡረታ ገንዘብ በቤቱ ሥራ አስኪያጅ ውክልና አይውጣ። የሚቀመጥላቸው ጥሬ ገንዘብ ካለ በሁለት ሰው ፊርማ በስማቸው ይመዝገብ። ኑዛዜ ላይ የቤቱ ሰው ተጠቃሚም ምስክርም አይሁን። ልደቱን ከአረጋውያን ጋር ለማክበር ኬክና ካሜራ ይዞ የሚመጣ ወጣት ይበዛል። ፎቶግራፍ የሚነሣው የፈቀዱት ብቻ ናቸው፤ ሲመገቡና ሲታጠቡ ማንም አይነሣ።

10. የቁጥጥሩ ቀንና ከዚያ በኋላ

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቤቱን አያስጊጡት። የአደጋ መዝገቡን አውጥተው ከሁሉ በፊት ያሳዩ፦ ማን ወደቀ፣ መቼ፣ ለምን፣ ምን ተስተካከለ። ባዶ የአደጋ መዝገብ የያዘ ቤት ደህና ቤት አይደለም፤ አለመጻፉ ነው። የተሰጠዎትን ማስተካከያ በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የሚያጠናቅቁበትን ቀን ይጻፉበት፣ ሲጨርሱ ሳይጠየቁ ያሳውቁ።

እርስዎም በወር አንድ ጊዜ ራስዎን ይቆጣጠሩ። አረጋውያኑን «ደህና ነዎት?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «ተመስገን» ነው፤ በችግርም ውስጥ ቢሆኑ ተመስገን ነው። ይልቁንስ «ትናንት ማታ ምን በሉ? ሌሊት ሽንት ቤት ማን ወሰደዎት? ሲጠሩ ቶሎ መጡ?» ይበሉ። መልሱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ሌሊት ልምምድ ያድርጉ። አረጋውያኑን ቀድመው ያሳውቁ፤ አያስደንግጧቸው። አልጋ ላይ በአረጋዊው ቦታ አንድ ሠራተኛ ይተኛ። ዋናው መግቻ ይጥፋ፣ ሰዓት ይያዝ፣ ተረኞቹ በብርድ ልብስ ጎትተው እስከ ግቢ በር ያድርሱት። እኔ ያየሁት የመጀመሪያው ልምምድ 11 ደቂቃ ፈጀ። ሰውየው በረንዳ ላይ የደረሱት በአራተኛው ደቂቃ ነበር፤ የቀረውን ሰባት ደቂቃ የበላው የግቢው በር ሰንሰለት ነው። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነበር፣ ጥበቃውም ጓሮ። በማግስቱ ከበሩ ውስጥ በኩል ምስማር ተመታ፤ ሁለተኛው ቁልፍ በቀይ ክር ታስሮ እዚያ ተንጠለጠለ፤ ተረኛውም ሲረከብ ቁልፉን በእጁ ነክቶ ይፈርማል።